ስለ አሮጌ መኪናዎች የካርቡሬተር መፍሰስና ሙቀት ስለሚያመጣው ችግር

ነጋዴ ዕቃ ሲሸጥ ከዕቃው ጋራ ስሙንም አብሮ ይሸጣል። የተሸጠው ዕቃ የታሰበለትን ሥራ ያልሠራ እንደ ሆነ፣ ዕቃው ምንም ጥሩ ቢሆን፣ ገዢው የሚያማው ሻጩን ነው። በመለዋወጫ ዕቃ ንግድ ውስጥ ይህ ነገር ከሚታይባቸው ክፍሎች አንዱ የአሮጌ መኪና ካርቡሬተር ነው። መኪናው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ሞቆ ከቆመ በኋላ አልነሣም ይላል፤ ስለዚህ ካርቡሬተሩ ይለወጣል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ደንበኛው ተቀይሟል፤ የመኪናው በሽታ ግን ገና አልታወቀም።

ጉዳዩ ጊዜው ያለፈበት መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ አዳዲሶቹ መኪናዎች ካርቡሬተር የላቸውምና። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። ከዚህም የተነሣ በአገር ውስጥ ያለውን ቮልስዋገን፣ ላዳ፣ ፔጆ ወይም ኮሮላ ዲኤክስ ባለቤቱ በቀላሉ የሚለቀው ንብረት አይደለም። ጠግኖ መያዝ ግድ በሆነበት ጊዜ ደግሞ ትክክለኛውን ዕቃ ለይቶ ማወቅ ለሻጩም ለገዢውም ጥቅም ነው።

የችግሩ መልክ

ነገሩ እንዲገባ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በመሪ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ በአሮጌ ላዳው ከመርካቶ ዕቃ ጭኖ ይነሣል እንበል። መገናኛን አልፎ፣ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ አድርጎ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ይጓዛል። መንገዱ በተሽከርካሪ ተጨናንቋልና መኪናው ጥቂት ይሄዳል፣ ብዙ ይቆማል። ከሱቁ ደጃፍ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ዕቃውን ያራግፋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ኮፈኑን ሲከፍት የቤንዚን ሽታ ይቀበለዋል፤ የካርቡሬተሩም ዙሪያ ረጥቧል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መኪናው ማንም ሳይነካው ይነሣል። በማግሥቱ ጠዋት መካኒኩ ሲያየው ምንም ጉድለት አያገኝበትም።

መካኒኩ ጉድለቱን ያላገኘው ሥራውን ስለማያውቅ ሳይሆን ሕመሙ በማይታይበት ሰዓት ስለ መረመረው ነው። ይህ ዐይነቱ መፍሰስ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይታያል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠፋል።

ቤንዚን በካርቡሬተር ውስጥ የሚፈላበት ምክንያት

ብዙ ሰው የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀት እዚህ መኪናን አይጎዳም ብሎ ያስባል። አሳቡ ለጎማና ለሰው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለቤንዚን ግን ከእውነቱ የራቀ ነው።

ውሃ በባሕር ጠረፍ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን በአዲስ አበባ ግን 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ግፊት ሲያንስ ፈሳሽ ሁሉ ቶሎ ይፈላል። ቤንዚን ደግሞ እንደ ውሃ አንድ ወጥ ነገር ሳይሆን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ከመካከላቸው ቀላሎቹ በባሕር ጠረፍ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት መፍላት ይጀምራሉ፤ ከባዶቹ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይቆያሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ቀላሎቹ መፍላት የሚጀምሩበት ልክ በ8 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ከመሪ በላይ ወዳለው የእንጦጦ ሰንሰለት ሲወጣ፣ ከ3,000 ሜትር በሚያልፈው ቦታ፣ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ ከፍታው በአንድ በኩል አየሩን ያቀዘቅዛል፤ በሌላ በኩል ቤንዚኑን ለመፍላት ያቀርበዋል።

ሞተር እየሠራ ሳለ ካርቡሬተር አይሞቅም፤ በጉሮሮው የሚያልፈው አየርና የሚተነው ቤንዚን ያቀዘቅዙታልና። ሞተሩ ሲጠፋ ግን አየሩ ይቆማል፤ ቬንትሌተሩ ይቆማል፤ በራዲያተር የሚዞረውም ውሃ ይቆማል። በብረቱ ውስጥ የተከማቸው ሙቀት መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣና ካርቡሬተሩን ያገኘዋል። በዚህን ጊዜ በማቆሪያው ውስጥ ያለው ቤንዚን ከ60 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ሲፈላም እንፋሎቱ ቤንዚኑን በዋናው መርጫ በኩል ገፍቶ ወደ ጉሮሮው ያፈሰዋል። ከዚያ ወደ ማኒፎልዱ ይወርድና ሞተሩን በቤንዚን ያጥለቀልቀዋል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው፣ በፓምፑና በካርቡሬተሩ መካከል በቱቦ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሲሞቅ ያብጥና መዝጊያ መርፌውን ገፍቶ ተጨማሪ ቤንዚን ወደ ማቆሪያው ያስገባል። ሁለተኛው፣ ለባሕር ጠረፍ ተለክተው የተሠሩ ጂግለሮች በስሱ የደጋ አየር ላይ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣሉ። አስቀድሞ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ጥቂት ሲጨመርበት ለመታፈን ይፈጥናል።

ሁለቱን መፍሰሶች ለይቶ ማወቅ

ከዚህ የምንረዳው የካርቡሬተር መፍሰስ ሁለት ዐይነት መሆኑን ነው። አንደኛው በጉድለት የሚመጣ ሲሆን ቀዝቅዞም ሞቆም ይፈሳል። ሁለተኛው በሙቀት የሚመጣ ሲሆን ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ብቻ ይታያል። የአንዱ መድኃኒት ሌላውን አያድንም። የሚከተለው ምርመራ ሁለቱን ይለያል፤ በሚመረመርበትም ጊዜ ሲጋራም ሆነ እሳት በአጠገቡ አይኑር፤ መብራትም ቢያስፈልግ የባትሪ መብራት ይሁን።

1ኛ. መኪናው ቆሞ ባደረ ጊዜ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ፣ የካርቡሬተሩ ዙሪያ፣ የቱቦው መገጣጠሚያዎችና የፓምፑ ሥር በደረቅ ጨርቅ ይጠረጉ። ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ ሳይሞቅ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ። የተጠረገው ቦታ ዳግመኛ ከረጠበ ነገሩ ጉድለት ነው፤ በየት በኩል እንደ ረጠበም ምንጩን ይናገራል።

2ኛ. የአየር ማጣሪያው ተነሥቶ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ፣ ፊትን ሳይደፉ ከጎን ሆኖ ጉሮሮው ይታይ። ሞተር በዝግታ ሲሠራ ከዋናው መርጫ ቤንዚን ሊንጠባጠብ አይገባም። የሚንጠባጠብ ከሆነ በማቆሪያው ውስጥ ያለው ቤንዚን ከልኩ በላይ ሆኗል ማለት ነው።

3ኛ. መኪናው ተነድቶ በሚገባ ከሞቀ በኋላ ሞተሩ ይጥፋ። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ያው ጉሮሮ እንደ ገና ይታይ። ጠዋት ደረቅ የነበረው አሁን ቢንጠባጠብ፣ ወይም የመንተክተክ ድምፅ ቢሰማ፣ ጥፋቱ የሙቀት ነው።

ሞቆ አልነሣ ያለ ሁሉ ግን የቤንዚን ሕመም አለበት ማለት አይደለም። አርጅቶ የደከመ ቦቢናም ሲሞቅ እሳት መስጠቱን ያቆማል። ስለዚህ አንድ ካንዴላ ተፈትቶ ይታይ። በቤንዚን ከረጠበና እሳት ካለው ሞተሩ ታፍኗል፤ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፤ እሳት ከሌለው ግን ካርቡሬተሩን መንካት ድካም ብቻ ነው።

ቀዝቅዞም የሚፈስ ሲሆን

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ቱቦና ፋሼታ ነው፤ ዋጋቸው ትንሽ፣ ጉዳታቸው ግን ትልቅ ነውና። የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 ከመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 ከመቶ ከፍ ብሏል። ኤታኖል ለጥንቱ ቤንዚን ብቻ የተሠራን ጎማና ሽፋን የሚያለሰልስና የሚያሳብጥ ስለሆነ፣ ከአሮጌ ክምችት የተገኘ ቱቦ ወይም የፓምፕ ሽፋን አዲስ ቢመስልም አስተማማኝ አይደለም። አስመጪው ቱቦ ሲያዝ ኤታኖልን የሚቋቋም መሆኑን ያረጋግጥ፤ በቱቦው ላይ ኤስ.ኤ.ኢ. ጄ 30 አር 9 የሚል ምልክት ያለበት ከተራው የተሻለ ነው።

ቀጥሎ የሚመረመሩት መዝጊያ መርፌውና ተንሳፋፊው ናቸው። ተንሳፋፊው ከቤንዚኑ ጋራ ከፍ ሲል መርፌውን ይገፋዋል፤ መርፌውም መግቢያውን ይዘጋል። በመርፌው ጫፍ ላይ ቅንጣት አሸዋ ቢቀመጥ ወይም ጫፉ ዙሪያውን ቢበላ አይዘጋም። ተንሳፋፊው ከነሐስ የተሠራ እንደ ሆነ ጆሮ አጠገብ ይነቅነቅ፤ በውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫረቀ ተበስቷል። በሙቅ ውሃ ውስጥ ቢነከር አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። በብዙ የኮሮላ ካርቡሬተሮች ላይ የቤንዚኑን ልክ የሚያሳይ ትንሽ መስተዋት ስላለ ይህን ሳይፈቱ ማየት ይቻላል።

የመርፌው ቤት ከሥሩ ቀለበት አለው። በቮልስዋገን ሶሌክስ ካርቡሬተር ላይ የዚህ ቀለበት ውፍረት የቤንዚኑን ልክ የሚወስን ነው። ካርቡሬተሩ ሲታጠብ ቀለበቱ ቢጠፋና ያለ እርሱ ቢገጠም፣ ወይም የማይስማማ ቢገባ፣ መርፌው አዲስ ቢሆንም ልኩ ይዛባል። የካርቡሬተር ክዳንም ቡሎኖቹ ከመጠን በላይ ሲጠብቁ ይጣመማል፤ ከዚያ ወዲያ ጓርኒሲዮን ቢለዋወጥም አይይዝም። በዚህን ጊዜ ክዳኑን በተስተካከለ መስተዋት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ ማስተካከል አዲስ ከመግዛት ያድናል።

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ትልቅ ስሕተት አለ። የካርቡሬተር መርፌ የሚችለው ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ገደማ የሆነ ግፊት ነው። ለኢንጄክሽን ሞተር የተሠራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግን ከ2.5 እስከ 3 ባር ይሰጣል፤ ይህም ዐሥር እጥፍ ያህል ነው። አሮጌው ፓምፕ ደከመ ተብሎ ይህ ቢገጠም ምንም ዐይነት መርፌ አያቆመውም። ስለዚህ ፓምፕ የሚሸጥ ሰው ለምን ሞተር እንደሚሆን ሳይጠይቅ መስጠት አይገባውም።

ሲሞቅ ብቻ የሚፈስ ሲሆን

በዚህ ክፍል የካርቡሬተሩ አካል አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ በዙሪያው ነው። በላዳ ላይ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በአንድ ጎን ስለሚገኙ ካርቡሬተሩ ከትኩሱ ብረት በላይ ተቀምጧል። ሠሪዎቹ ይህን ስላወቁ ከሥሩ ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም ክፋይ አድርገውበታል። መካኒክ ካርቡሬተሩን ሲያወርድ ይህ ክፋይ ተሰብሮ ቢጣልና በቦታው ስስ የወረቀት ጓርኒሲዮን ብቻ ቢገባ፣ መኪናው በዚያን ቀን በደንብ ይነሣል፤ ሙቀቱ ግን ከዚያ ወዲያ እንቅፋት የለውም። በመሪው ነጋዴ መኪና ላይ ይህ ደርሶ ቢሆን፣ ሦስት ካርቡሬተር ቢለዋውጥም አይጠቅመውም፤ የሚፈልገው አንድ ክፋይ ነውና።

የቤንዚን ቱቦውም ሞተሩን ወይም የጭስ ማውጫውን ተደግፎ እንዳይተኛ ማየት ያስፈልጋል። ትርፍ ቤንዚን ወደ ታንክ የሚመልስ ቱቦ ያላቸው መኪናዎች ቱቦው ተደፍኖ ወይም ታስሮ እንደ ሆነ መክፈት ነው፤ በቱቦ ውስጥ የሚያብጠው ቤንዚን ማምለጫው ይህ ነው። በቮልስዋገን ላይ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሆነ፣ በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቆርቆሮዎችና የጎማ ጠርዞች ሲጎድሉ ትኩሱ አየር ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ራዲያተር ያላቸውም ውሃቸው በደንብ መዞሩ፣ የእሳቱም ሰዓት ያልዘገየ መሆኑ ይታይ፤ የዘገየ እሳት ሞተርን ያግላልና።

ባለመኪናውም የበኩሉን ማድረግ ይችላል። ከረጅም ዳገት ወይም ከተጨናነቀ መንገድ በኋላ ሞተሩን ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ እንዲሠራ መተው፣ ካጠፉም በኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ማቆየት ሙቀቱን ይቀንሳል። ሞተሩ ታፍኖ አልነሣ ካለ፣ በውጭ የሚፈስ ቤንዚን አለመኖሩን ካዩ በኋላ፣ የቤንዚን መስጫውን ቀስ አድርጎ እስከ መጨረሻው ረግጦ በመያዝ ሞተሪኖውን ማዞር ነው። መስጫውን ደጋግሞ መርገጥ ግን በታፈነው ላይ መጨመር ነው። እርጥብ ጨርቅ በፓምፑ ላይ ማድረግ ለጊዜው ይረዳል፤ በትኩስ ካርቡሬተር ላይ ውሃ ማፍሰስ ግን ውሃው ወደ ሞተሩ ሊገባ ስለሚችል መልካም አይደለም።

ስለ እሳት አደጋ

የተፈጨው ቡና ወይም የታሰረው ጨርቅ በመኪናው ውስጥ ሳለ የሚነሣ እሳት ከመኪናው በላይ ያጠፋል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል እንፋሎት ይሰጣል፤ እንፋሎቱም ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ይከማቻል። ስለዚህ የረጠበ ነገር ከታየ ቁልፉን ማዞር ትቶ የባትሪውን ሽቦ መፍታት፣ ሽታው እስኪጠፋም መጠበቅ ይገባል።

የቮልስዋገን ባለቤቶች በተለይ አንድ ነገር ይመርምሩ። ቤንዚን ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባባት ትንሽ የነሐስ ቧንቧ በክዳኑ ላይ ተገፍታ የተሰካች እንጂ በጥርስ የታሰረች አይደለችም። ከጊዜ ብዛት ስትላላ በመንገድ ላይ ከነቱቦዋ ልትወጣ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ፓምፑ ቤንዚኑን በትኩሱ ሞተር ላይ ይረጨዋል። በእጅ ሲነቀንቋት የምትንቀሳቀስ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ትጠገን። የዚህ መኪና የሞተር አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ ከተቀጣጠለ በኋላ ውሃ እሳቱን ያብሰዋል። ስለዚህ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በመኪናው ውስጥ ይኑር፤ እሳቱም ገና በቤንዚኑ ላይ ሳለ ይጠፋ።

ለአስመጪውና ለባለሱቁ

በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ቦታ ካርቡሬተር ሊገዛ የመጣን ደንበኛ ሦስት ነገር መጠየቅ ብዙ ጠብን ያስቀራል። የሚፈሰው ጠዋት ነው ወይስ ሞቆ ከቆመ በኋላ? ካርቡሬተሩ ከዚህ በፊት ወርዶ ያውቃል? ፓምፑ የራሱ ነው ወይስ የተለወጠ? መልሱ ጠዋት ከሆነ መርፌ፣ ቀለበት፣ ጓርኒሲዮንና ቱቦ ይቅረብለት። ሞቆ ከቆመ በኋላ ከሆነ ክፋዩ መኖሩን ያይ ዘንድ ይነገረው። በካርቡሬተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ጽፎ እንዲያመጣ፣ ቢቻልም አሮጌውን ዕቃ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ያልሆነ ዕቃ ከመመለስ ያድናል።

አስመጪውም ትእዛዝ ሲጽፍ ሙሉ ካርቡሬተር ብቻ ከሚያበዛ፣ ለየሞዴሉ የሚሆኑ መርፌዎችን፣ ተንሳፋፊዎችን፣ ክፋዮችን፣ ለከፍታ ቦታ የሚስማሙ ጂግለሮችንና ኤታኖል የሚቋቋም ቱቦን ቢያስከትል ይሻለዋል። እነዚህ በአነስተኛ ገንዘብ የሚያዙ፣ በመጋዘንም ብዙ ቦታ የማይዙ ናቸው። እርግጥ ነው፣ ትንሽ ዕቃ የሸጠ ሰው በዚያን ዕለት ትርፉ ትንሽ ይሆናል። ነገር ግን መኪናው በሱቁ ደጃፍ ሳይቆም የዋለለት ነጋዴ ለሚቀጥለው ዕቃ የሚመለሰው ወደዚያው ሻጭ ነው።